አሮጌ ሕንፃ እንዴት ቤተ መጻሕፍት ይሆናል?

በስድስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ውስጥ፣ የኢትዮጵያን ታሪክ፣ ቋንቋና ባህል የሚያጠና ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕንፃ አለ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መቀመጫ ነው። ሕንፃው ሲሠራ ግን ለመጽሐፍም ሆነ ለተማሪ አልታሰበም። ስሙ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያነት ተሠራ። በወረራው ዘመን የጣሊያን አገረ ገዥ ያዘው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በአገረ ገዥው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። ከነፃነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሱበት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ ታግተው የነበሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት አረንጓዴው ሳሎን በተባለው ክፍል ውስጥ ተገደሉ።

ይህን ያህል ታሪክ የተሸከመ ቤት ምን ይደረግ? ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርት ሰጡት። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተቋቋመና መቀመጫውን እዚያው አደረገ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። የመጻሕፍቱንና የሙዚየሙን ስብስብ በማደራጀት ረገድ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። በታችኛው ፎቅ ቤተ መጻሕፍቱ ተከፈተ፤ በላይኛው ሙዚየሙ ገባ። የብራና ጽሑፎች፣ የጥንት የአማርኛ ኅትመቶች፣ ጋዜጦችና መጽሔቶች የቤተ መንግሥት እንግዶች ይስተናገዱበት በነበረው ጣሪያ ሥር ተደረደሩ። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ግን እንደነበሩ ተጠብቀው እስከ ዛሬ ይጎበኛሉ። ጣሊያኖች የፋሽስት ሥርዓታቸውን ዕድሜ ለመቁጠር ከግቢው ያቆሙት ደረጃም አልፈረሰም፤ ከጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት።

ይህ የገነተ ልዑል ታሪክ በሥነ ሕንፃ ሙያ ስም ያለው አሠራር ነው፤ ነባር ሕንፃን ለአዲስ አገልግሎት ማዋል ይባላል። ትርጉሙ ቀላል ነው። ሕንፃው የተሠራበት ሥራ ሲያበቃ ከማፍረስ ወይም ተቆልፎ እንዲያረጅ ከመተው ይልቅ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። የቅርስ ባለሙያዎች በ1964 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ባጸደቁት ሰነድ ውስጥም ይህ ሐሳብ አለ፤ አንድን ታሪካዊ ሕንፃ ለማኅበረሰቡ በሚጠቅም ሥራ ላይ ማዋል ለጥበቃው እንደሚረዳ ሰነዱ ያስገነዝባል። ምክንያቱም ሰው የሚገለገልበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ወዲያው ይታያል፤ ተዘግቶ የቆየ ቤት ግን መፍረሱ የሚታወቀው ከወደቀ በኋላ ነው።

ከቤተ መንግሥት ወደ መጋዘን

ቤተ መንግሥትን መጠበቅ ለብዙ ሰው አያከራክርም፤ ውበቱ ራሱ ይከራከርለታል። ለማስረዳት የሚከብደው የሥራ ሕንፃ ነው። የሥራ ሕንፃ ስንል ፋብሪካን፣ ወፍጮ ቤትን፣ መጋዘንን፣ የባቡር ጣቢያንና የጥገና ጋራዥን፣ የውኃ ማጠራቀሚያን ማለታችን ነው። እነዚህ ለጌጥ አልተሠሩም። ማሽኑ ሲለወጥ፣ መንገዱ ሲቀየር ወይም ገበያው ሲዛወር ባዶ ይቀራሉ። በአገራችን የዚህ ዋና ምስክር አዲስ አበባ በ1917 እ.ኤ.አ. የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር ነው። የለገሃር ጣቢያና የድሬዳዋ የባቡር ጋራዦች ለአንድ ቴክኖሎጂ ተሠርተው፣ ያ ቴክኖሎጂ ሲያልፍ ወደ ታሪክ የተሸጋገሩ ሕንፃዎች ናቸው።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያሉ ሕንፃዎች የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሆነዋል። ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረው በስፔን ባርሴሎና የሚገኘው ነው። በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ጁዜፕ ፎንትሴሬ የተባለ ባለሙያ ለሲውታዴያ መናፈሻ ትልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ ሠራ። ውኃው የመናፈሻውን ፏፏቴ እንዲመግብና ተክሉን እንዲያጠጣ ከፍ ብሎ መቀመጥ ነበረበት፤ ስለዚህ ገንዳው ከሕንፃው ጣሪያ ላይ ሆነ። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ቶን ይመዝናል። ይህን ለመሸከም ከሥሩ ወፋፍራም የጡብ ምሰሶዎችና ረጃጅም ቅስቶች በመደዳ ተተከሉ። በኋላ በሳግራዳ ፋሚሊያ ቤተ ክርስቲያን ዓለም ያወቀው አንቶኒ ጋውዲ ያኔ ተማሪ ነበር፤ በዚህ ሕንፃ የሸክም ስሌት ላይ እንደሠራ ይነገራል።

ከገንዳው ሥር ያለው ሰፊ ቦታ ግን የራሱ ሥራ አልነበረውም፤ ምሰሶዎቹ የቆሙበት ብቻ ነበር። ለብዙ ዓመታት ለልዩ ልዩ ጉዳይ ሲያገለግል ቆየ። በመጨረሻም የፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ ተረከበው። ሉዊስ ክሎቴትና ኢግናሲዮ ፓሪሲዮ የተባሉ የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች አድሰውት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሆኗል። ዛሬ ተማሪው መጽሐፉን ዘርግቶ የሚያነበው በቅስቶቹ መካከል ነው። ጡቡ አልተለሰነም፤ አልተሸፈነም። ለውኃ ታስቦ የተገኘው ጥንካሬና ከፍታ ለንባብ የሚመች ጸጥታ ሰጠ።

በእንግሊዝ የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱን በ2004 እ.ኤ.አ. የከፈተው በ1907 እ.ኤ.አ. ለምድር ባቡር ኩባንያ በተሠራ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። ባቡሩ ዕቃውን ያራግፍበት የነበረው ወለል ላይ አሁን መደርደሪያና ኮምፒውተር ቆሟል። በሉክሰምበርግ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በ2018 እ.ኤ.አ. የገባው ቤልቫል በተባለው ስፍራ፣ ለብረት ማቅለጫ ምድጃዎች የማዕድን አፈር ይከማችበት በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሦስቱም የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፤ ሸክም ለመሸከም የተሠራ ቤት፣ በጥንቃቄ ከተያዘ፣ መጽሐፍን ይሸከማል።

መጽሐፍ ምን ያህል ይከብዳል?

እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚጀመረው በመለካት ነው። መሐንዲሱ መጀመሪያ የሕንፃውን ሙሉ ፕላን ያነሣል፤ ግድግዳው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ፣ ስንጥቁ የት የት እንዳለ፣ ምሰሶው ምን ላይ እንዳረፈ ይመዘግባል። የቆየ የሥራ ሕንፃ ከሆነ የጣሪያው ክዳን አስቤስቶስ አለመሆኑ፣ ወለሉም ኬሚካል አለመጠጣቱ መረጋገጥ አለበት። አስቤስቶስ ሲሰበር የሚበነው ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ፣ ካለ የሚነሣው ለዚሁ በሠለጠኑ ሰዎች ብቻ ነው።

ቀጥሎ የክብደት ጥያቄ ይመጣል። መጽሐፍ እጅ ላይ ሲያዝ ቀላል ነው፤ ሲደረደር ግን ከባድ ነው። አንድ ሜትር መደርደሪያ በመጽሐፍ ሲሞላ 30 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ስድስት ደረጃ ያለውና በሁለት ወገን የሚደረደርበት መደርደሪያ በአንድ ሜትር ርዝመቱ ብቻ ወደ 360 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ኢትዮጵያም መሠረት ያደረገችው የአውሮፓ የሕንፃ ደንብ መኖሪያ ቤት ወለል በካሬ ሜትር እስከ 200 ኪሎ ግራም ያህል እንዲችል ሲጠይቅ፣ መጽሐፍ ለሚከማችበት ወለል ከ750 ኪሎ ግራም በላይ እንዲችል ይጠይቃል። ለዚህ ነው አንድን መኖሪያ ቤት ወይም ቢሮ ዝም ብሎ ወደ ቤተ መጻሕፍት መለወጥ አደገኛ የሚሆነው። መጋዘን ግን እዚህ ላይ ብልጫ አለው፤ ወለሉ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ ያረፈ ወፍራም ኮንክሪት ነው። ከባዱ መደርደሪያ ምድር ላይ ይቆማል። በላይ በኩል ፎቅ ከተጨመረ፣ የራሱ ምሰሶ ያለውና ከአሮጌው ግድግዳ ጋር የማይጋፋ ቀላል የብረት ፎቅ ይሆንና ለማንበቢያ ጠረጴዛዎች ይተዋል።

ቡናና ወረቀት አንድ ጠላት አላቸው

እስካሁን ያየነው ሁሉ የአዲስ አበባና የሩቅ አገር ነው። ጉዳዩን ወደ ደቡብ ምዕራባችን፣ ወደ ሚዛን አማንና ቴፒ ስናመጣው ደግሞ የአካባቢው ሰው ከማንም በላይ የሚያውቀው ነገር ይገጥመናል።

ይህ አገር የቡና አገር ነው። የካፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የጫካ ቡና መገኛ በመሆኑ ጭምር ነው። ዛሬ በዓለም ገበያ እጅግ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ የሆነው ጌሻም የተገኘው ከዚሁ አካባቢ ጫካ ነው። ቤበቃና ቴፒ ላይ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች አሉ። ቡና ባለበት ደግሞ የቡና ሕንፃ አለ፤ እሸት ቡና የሚታጠብበት ጣቢያ፣ ጀንፈል የሚፈለፈልበት የመፈልፈያ ቤት፣ ጆንያ የሚከማችበት መጋዘን። መልካቸው ብዙ አይለያይም። ረጅም አዳራሽ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የጭነት መኪና የሚያስጠጋ ሰፊ በር፣ ጥቂት መስኮት።

የመጋዘን ሠራተኛ ቡናን እንዴት እንደሚያስቀምጥ እንመልከት። ቡናው ከመግባቱ በፊት በመለኪያ ይፈተሻል፤ እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ ገደማ መሆን አለበት። ጆንያው በባዶ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ ከእንጨት ርብራብ ላይ ይደረደራል፤ አየር ከሥሩ እንዲያልፍ። ግድግዳም አያስጠጉትም፤ ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል። ዝናብ ሲጥል የጣሪያው ቀዳዳ ከውስጥ ይፈለጋል። እነዚህ ሁሉ ቡናው እንዳይሻግትና ጣዕሙ እንዳይበላሽ የሚደረጉ ናቸው።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያም የሚሰጠው መመሪያ ይኸው ነው። አየሩ ውስጥ ያለው አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ወረቀት ላይ ሻጋታ ይበቅላል። ስለዚህ የመደርደሪያው የታችኛው ደረጃ ከወለሉ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ መደርደሪያው ከውጭ ግድግዳ ይርቃል፤ አየር በሁለቱም በኩል ይዘዋወራል። በሚዛንና በቴፒ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህልና ከዚያም በላይ ዝናብ ስለሚጥል ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ሃምሳ ዓመት የሚቆይ መጽሐፍ እዚህ በአንድ ክረምት ሊሻግት ይችላል። የቡና መጋዘን ግን ገና ሲሠራ እርጥበትን እንዲከላከል ታስቦ ስለሆነ፣ ከሌላው ሕንፃ ይልቅ ለመጽሐፍ የቀረበ ነው። ወለሉ ከአካባቢው መሬት ከፍ ብሏል፤ ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ይወጣል፤ ከላይ የአየር መውጫ አለው።

ሁለት ነገር ግን መጨመር አለበት። አንደኛው ምስጥ ነው፤ መደርደሪያው ብረት እንዲሆን፣ እንጨት ያለበት ቦታም በየጊዜው እንዲፈተሽ ያስገድዳል። ሁለተኛው ጽዳት ነው። ቡና በተከማቸበት ቤት ግድግዳና የጣሪያ ማገር ላይ ለዓመታት የተጠራቀመ ገለባና ብናኝ ይኖራል፤ ነፍሳትን ይስባል፤ ሽታውንም ወረቀት ይጠጣል። ስለዚህ መጽሐፍ ከመግባቱ በፊት ሕንፃው ከማገሩ እስከ ወለሉ ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት።

መጋዘን የማያውቀው ብርሃን

ቡና ብርሃን አይፈልግም፤ አንባቢ ይፈልጋል። የመጋዘን ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። መስኮት መክፈት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ፀሐይ በቀጥታ ያገኘው ወረቀት ቢጫ ይሆናል፤ ቀለሙም ይለቅቃል። በአውሮፓ ያሉ የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች መስኮቱን ወደ ሰሜን በማዞር ይገላገሉታል። ሚዛንና ቴፒ የሚገኙት ግን በሰሜን 7 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በበጋው ወደ ደቡብ። ስለዚህ እዚህ የሚያዋጣው መስኮቱን በሰሜንና በደቡብ ግድግዳ፣ ከፍ አድርጎ፣ በሰፊ የጣሪያ ክፈፍ ሥር መክፈት ነው። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ የምትገባበትን ምሥራቅና ምዕራብ መዝጋት ይሻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ጥሩ የቀን ብርሃን ማለት የንባብ ሰዓት ማለት ነው።

ድምፅም አለ። በእነዚህ ከተሞች ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያን ሲደበድብ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች አይደማመጡም። ከክዳኑ ሥር ድምፅ የሚያፍን ንጣፍና ኮርኒስ ሲገባ ድምፁ ይቀንሳል፤ የቀትሩም ሙቀት አብሮ ይበርዳል። በንጣፉና በኮርኒሱ መካከል አየር የሚዘዋወርበት ክፍተት መተው ግን ግድ ነው፤ አለበለዚያ እርጥበት እዚያው ይታፈናል።

የመጨረሻው እሳት ነው። መጋዘን አንድ ትልቅ በር ይበቃዋል፤ በውስጡ የሚሠሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። መቶ ተማሪ የሚቀመጥበት አዳራሽ ግን በተለያየ አቅጣጫ ወደ ውጭ የሚከፈቱ በሮች ያስፈልጉታል። የኤሌክትሪክ መስመሩ በሙሉ እንደ አዲስ ይዘረጋል። መግቢያው ላይ የጭነት መወጣጫ ካለ ሳይፈርስ ይቆይ፤ ዊልቸር ለሚጠቀም ተማሪ የተዘጋጀ መንገድ ይሆናል።

ምን ይነካል? ምን ይተዋል?

ሁሉንም ነገር ካደስን አሮጌው ሕንፃ የቱ ጋ ይቀራል? ለዚህ ጥያቄ የአውስትራሊያ የቅርስ ባለሙያዎች በ1979 እ.ኤ.አ. ቡራ በምትባል የቀድሞ የማዕድን ከተማ ተሰብስበው መመሪያ አወጡ። የመመሪያው መንፈስ የሚያስፈልገውን ያህል መለወጥ፣ ከዚያ ግን አለማለፍ ነው። አዲስ የተጨመረው አዲስ መሆኑ ይታወቅ፤ ወደፊት መነሣት ካስፈለገም አሮጌውን ሳይጎዳ ይነሣ። የብረት ፎቁ ከግድግዳው ተነጥሎ እንዲቆም የተመከረውም ለዚህ ነው። የቡና መጋዘኑ ሚዛን፣ የመፈልፈያው ማሽን፣ በግድግዳው ላይ የተጻፈው የጆንያ ቁጥር በቦታው ቢቆይ ተማሪው የተቀመጠበት ቤት ምን ሲሠራ እንደኖረ ያውቃል።

በአገራችንም ሕግ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስነት በተያዘ ሕንፃ ላይ የጥገናና የእድሳት ሥራ የሚሠራው ጉዳዩ የሚመለከተው ባለሥልጣን አስቀድሞ ሲፈቅድ መሆኑን ይደነግጋል። ችግሩ ሕጉ የሚጠብቀው የታወቀውን መሆኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ቤተ መንግሥት ይታወቃሉ። የቡና መፈልፈያ ቤት ግን ከእነዚህ ጋር እምብዛም አይቆጠርም፤ ስለዚህ ማንም ሳያየው ሊፈርስ ይችላል።

ለደቡብ ምዕራብ ምን ይጠቅማል?

ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሲመሠረት ስሙን ከሁለት ከተሞች ወሰደ፤ ካምፓሶቹም በሁለቱ ከተሞች ናቸው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲቋቋም ሚዛን አማንና ቴፒ ከክልሉ መቀመጫዎች መካከል ሆኑ። ከተሞቹ እያደጉ ነው፤ በሚያድግ ከተማ ደግሞ መሃል ላይ የቆየ መጋዘን ቶሎ ይፈርሳል፤ መሬቱ ውድ ነውና። ተማሪ ከግቢ ውጭ የሚያነብበት ቦታ ግን እምብዛም አይጨመርም።

እዚህ ላይ ሁለቱ ፍላጎቶች ይገናኛሉ። ሥራውን የጨረሰ መጋዘን ቢገኝ፣ ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው አሉ። ሲሚንቶና ብረት አንድ ጊዜ ወጪ ሆነውበታል፤ ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣው ይቀንሳል። እድሳት ሁልጊዜ ከአዲስ ግንባታ ይረክሳል ማለት አይደለም፤ መሠረቱ የተጎዳ ሕንፃ ከአዲስ የበለጠ ሊያስወጣ ይችላል። ለዚህም ነው መለካት የሚቀድመው። ከገንዘቡ ሌላ ግን አዲስ ሕንፃ የማይሰጠው ነገር አለ። የዚህ አካባቢ ሕዝብ በእነዚህ ቤቶች ቡና ለቅሟል፣ ፈልፍሏል፣ ተሸክሟል፤ ልጆቹን ያስተማረውም በዚያው ገቢ ነው። ገነተ ልዑል የመሪዎችን ታሪክ ለተማሪ እንዳቆየ ሁሉ፣ የቡና መጋዘንም የሠራተኛውን ታሪክ ለተማሪ ሊያቆይ ይችላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ብዙ በጀት አይጠይቅም። ሜትር፣ ካሜራና ደብተር ይበቃል። የምሕንድስና ተማሪዎች በየከተማው ያሉትን የቆዩ የቡና ሕንፃዎች እየዞሩ ቢለኩ፣ የታሪክ ተማሪዎች ደግሞ በውስጣቸው ሠርተው ያረጁ እናቶችንና አባቶችን ቢጠይቁና ቢመዘግቡ፣ የትኛው ሕንፃ ጠንካራ እንደሆነ፣ የትኛው ታሪክ እንዳለው፣ የትኛው ደግሞ መትረፍ እንደማይችል ይታወቃል። ዝርዝሩ ለከተማው ማዘጋጃ ቤትና ለቅርስ ባለሥልጣን ከደረሰ፣ አንድ መጋዘን ሊፈርስ ሲል ቢያንስ ምን እንደሚፈርስ የሚያውቅ ሰው ይኖራል። ሊተርፍ የሚገባው ሲገኝም ቤተ መጻሕፍት ለማድረግ የሚያስፈልገው እውቀት ግማሹ ከመሐንዲሱ፣ ግማሹም ቡና እንዳይሻግት ሲጠብቅ ከኖረው የመጋዘን ሠራተኛ ይመጣል። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ነው።